የሞተር ዳይኖ ቻርት ሲነበብ
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ኮሚቴው የጋበዘኝ «ስለ ሥራህ ንገረን፤ ግን መካኒካል ያልተማረውም እንዲገባው ይሁን» ብሎ ነው። የምሠራው አሜሪካ ውስጥ ሞተር በሚታደስበትና በሚፈተሽበት ወርክሾፕ ነው። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ሆት ሮድ ሠሪዎች ናቸው። ሆት ሮድ ማለት አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ የማያስፈልገውን አውልቆ፣ ጉልበተኛ ሞተር መግጠም ነው። ልማዱ ያደገው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው፤ በ1930ዎቹ ወጣቶች ደረቅ የሐይቅ ወለል ላይ እየወጡ ይሽቀዳደሙ ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ እኛ ጋ በብዛት የሚመጣው የሼቭሮሌ 350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 5.7 ሊትሩ ሞተር ነው።

ሞተሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ዳይኖ ላይ ይወጣል። ዳይኖ ስል ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ማለቴ አይደለም፤ ዳይናሞሜትር ማለቴ ነው። መሣሪያው ሞተሩን እየጫነ በእያንዳንዱ ዙር ምን ያህል የመጠምዘዝ ኃይል፣ ማለትም ቶርክ፣ እንደሚሰጥ ይለካል። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ይወጣል፤ ሁለት የተጣመሙ መስመሮች፣ ከላይ ደግሞ በትልቁ የተጻፈ አንድ ቁጥር። ደንበኛው ያንን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ ይልካል። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ያ ትልቅ ቁጥር ብቻውን ሲነበብ ከወረቀቱ ሁሉ ትንሹን ነገር የሚናገር እሱ ነው።

አንድ ደንበኛችን 400 የፈረስ ጉልበት የሚል ቻርት ያለው ሞተር ከሌላ ሠሪ ገዛ። መኪናው ላይ ገጠመውና ጎማ በሚያሽከረክር ዳይኖ ላይ ሲያስለካው 315 ወጣ። «85 ፈረስ ተሰረቅሁ!» ብሎ ጠበቃ ሊይዝ ደርሶ ነበር። እስቲ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን እንያቸው አልነው። የመጀመሪያው የተለካው ሞተሩ ከመኪናው ውጭ ሆኖ ነው፤ ዲናሞ የለ፣ ቬንትላተር የለ፣ ማርሚታ የለ። ሁለተኛው ግን ጉልበቱ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉንና ጎማውን አልፎ ከመጣ በኋላ የተለካ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ቻርት የተስተካከለው በሌላ የአየር መለኪያ ነበር፤ እሱ ብቻ 15 ፈረስ ገደማ ይወስዳል። የቀረው 70 ገደማ በካምቢዮ፣ በዲፈረንሻል፣ በጎማና ሞተሩ በሚጎትታቸው ዕቃዎች የሄደ ነው፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ላለው መኪና የሚያስደነግጥ አይደለም። የሰረቀ ሰው አልነበረም። ሁለቱም ወረቀቶች እውነት ተናግረዋል፤ የተጠየቁት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ይህ በትልልቅ ፋብሪካዎችም ሆኗል። የኮርቬት ኤል.ቲ.-1 ሞተር እ.ኤ.አ. በ1970 370 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ በ1972 255 ተባለ። መካከል ላይ የሞተሩ የመጭመቂያ መጠን መቀነሱ እውነት ነው። ትልቁ ለውጥ ግን የአለካኩ ነው። ድሮ ሞተሩ ራቁቱን ይለካ ነበር፤ በኋላ መኪናው ላይ እንደሚሆነው ሙሉ ዕቃውን ለብሶ መለካት ጀመረ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ወጣ?» ሳይሆን «የት ላይ፣ ምን ለብሶ ተለካ?» ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ አየርን ይመለከታል። ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በሙቅ ቀንና በቀዝቃዛ ቀን፣ በባሕር ዳርቻና በተራራ ላይ የተለካውን ለማነጻጸር ኮምፒዩተሩ ውጤቱን በአንድ ቁጥር ያባዛዋል። ይህ የማስተካከያ ቁጥር ይባላል። በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ-1349፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 99 ኪሎ ፓስካል ደረቅ አየርን መነሻ ያደርጋል። በተለምዶ «ስታንዳርድ» የሚባለው የቆየው ደግሞ 15.6 ዲግሪንና የባሕር ወለል ግፊትን ይይዛል። በዚህ በሁለተኛው የተሠራ ቻርት ለዚያው ሞተር 4 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። የደንበኛችን 15 ፈረስ የጠፋው እዚህ ጋ ነው።

እንግዲህ ይህን ወደ አዲስ አበባ አምጡት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት የኤስ.ኤ.ኢ.ን ቀመር ብንሠራው የማስተካከያ ቁጥሩ 1.34 ይመጣል። ምን ማለት ነው? ወረቀቱ 300 ካለ፣ ሞተሩ በዚያን ቀን በትክክል የሰጠው 224 ያህል ነው። የእንጦጦን አቀበት የሚወጣው 224ቱ ነው እንጂ 300ው አይደለም። ቱርቦ ላለው ሞተር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቱርቦው የጎደለውን አየር በከፊል ራሱ ይተካል። በዚህ ላይ ያንኑ 1.34 ካባዛንበት ያልሠራውን ጉልበት እንሸልመዋለን። ስለዚህ «ኮምፒዩተሩን አስተካክለን ይህን ያህል ፈረስ ጨመርንልህ» የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ፣ ሳትከፍሉ በፊት ያልተስተካከለውን ቁጥርና የማስተካከያ ቁጥሩን ጠይቁ። የማይሰጣችሁ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የመስመሮቹ ቅርጽ ነው። መጀመሪያ አንድ ቀላል ፍተሻ ላሳያችሁ። ዳይኖ የሚለካው ቶርክን ነው፤ የፈረስ ጉልበት ከዚያ የሚሰላ ነው። ቶርኩን በፓውንድ-ጫማ ወስዶ በደቂቃ ዙሩ ማባዛት፣ ከዚያ ለ5,252 ማካፈል ነው። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሚዛን ከተሣሉ 5,252 ዙር ላይ የግድ ይገናኛሉ። ካልተገናኙ ወይ ሚዛኑ የተለያየ ነው፣ ወይ አንድ ሰው ቁጥር ነካክቷል። በኪሎ ዋትና በኒውተን ሜትር ሲሆን መገናኛው 9,549 ላይ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ውጭ ነው። የቋሚው መስመር ቁጥር ከዜሮ መጀመሩንም እዩ፤ ከ300 ከጀመረ ትንሿ ጉብታ ተራራ መስላ ትታያለች።

አሁን ለምሳሌ ያህል ሁለት 350 ሞተሮችን እንውሰድ፤ የሚለያዩት በካምሻፍት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ለስላሳ ካም አለው፦ በ3,000 ዙር 385 ፓውንድ-ጫማ፣ በ4,000 395፣ በ5,000 365 ይሰጣል፤ ከፍተኛው 350 የፈረስ ጉልበት ነው። ሁለተኛው የውድድር ካም አለው፦ በ3,000 330፣ በ4,000 380፣ በ5,000 390፤ ከፍተኛው 406 ፈረስ፣ እሱም በ6,000 ዙር። በወሬ ከሆነ ሁለተኛው በ56 ፈረስ አሸነፈ። አይደል?

ቆይ፣ መኪናው የት ነው የሚሄደው? የዲፈረንሻሉ ሬሾ 3.08፣ የጎማው ቁመት 26 ኢንች ቢሆን፣ በሰዓት 60 ማይል ሲሄድ ሞተሩ የሚዞረው 2,400 ያህል ነው። ያ ሰው መብራት ላይ ሲነሣ፣ መንገድ ላይ ሊቀድም ሲል፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ሲወጣ የሚኖረው ከ4,000 በታች ነው። በዚያ ክልል ሁለተኛው ሞተር በሁሉም ቦታ ደካማ ነው፤ በ3,000 ላይ 55 ፓውንድ-ጫማ ያንሳል። 56 ፈረስ የገዛው ሰው መኪናው እንደ ታመመ በሬ አልነሣ ይለዋል፤ ከዚያ ዲፈረንሻሉን መቀየር፣ ከዚያ የካምቢዮውን ኮንቨርተር መቀየር ይመጣል። ቤንዚኑን ተዉት።

ሰውየው ተወዳዳሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ሲገባ (ሬሾው 2.52 እና 1.52 ከሆነ) 6,300 ላይ የነበረው ሞተር ወደ 3,800 ይወርዳል። ስለዚህ ተወዳዳሪው የሚኖረው ከ3,800 በላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁለተኛው ሞተር እውነተኛ አሸናፊ ነው። ያም ሆኖ እያንዳንዱ በሚሠራበት የ2,000 ዙር ክልል አማካዩን ስናወጣ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ከ3,500 እስከ 5,500፣ ሁለተኛውን ከ4,000 እስከ 6,000፣ ልዩነቱ 56 ሳይሆን 43 ፈረስ ገደማ ነው። ጫፉ አንድ ነጥብ ነው፤ መኪና ደግሞ ነጥብ ላይ ቆሞ አይሄድም። እኔ ለደንበኛ ቻርት ስሰጥ ከጫፉ በፊት በእርሳስ ሁለት ቋሚ መስመር አሰምራለሁ፤ «አንተ የምትኖረው በእነዚህ መካከል ነው፤ ከዚህ ውጭ ያለውን አትክፈልበት» እላለሁ።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የማያየው፣ ከታች ያለው ቀጭን መስመር ነው፤ የአየርና የነዳጅ ድርሻ። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በክብደት 14.7 እጥፍ አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ የሚሻለው ከ12.5 እስከ 13 ባለው ነው። ይህ መስመር ከፍተኛ ዙር ላይ ሽቅብ እየወጣ 14ን ካለፈ፣ ነዳጅ እያጠረው ነው ማለት ነው። ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ቀጥሎ ፒስተን ይበሳል። አደጋው ምንድን ነው? የፈረስ ጉልበቱ መስመር በዚያው ሰዓት አምሮ ሊታይ ይችላል። ላይኛውን ብቻ የሚያይ ሰው «ትንሽ እንጨምር» ይላል፤ ታችኛውን የሚያይ ሰው ሞተሩን ያጠፋል።

በመጨረሻ «በፊትና በኋላ» ስለሚባሉት ቻርቶች። ንጽጽር የሚሆነው በአንድ ዳይኖ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ቀን፣ ዘይቱና ውሃው እኩል ሞቆ ሲለካ ነው። ዙሩ የሚጨምርበት ፍጥነትም አንድ መሆን አለበት። በሰከንድ 600 ዙር ሲጨምር፣ ከ300ው ይልቅ ሞተሩ የራሱን ክራንክ ሻፍት ለማፍጠን ብዙ ጉልበት ስለሚያወጣ ንባቡ ዝቅ ይላል። ሦስት ጊዜ ይለካ። ሦስቱ ራሳቸው በ4 ፈረስ ከተለያዩ፣ በአዲስ ዕቃ የመጣ 5 ፈረስ የሚያስጨፍር አይደለም።

ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለተማሪዎቹ ርዕሱ የተቆረጠ ቻርት ስጧቸው። መልስ እንዲሰጡ ሳይሆን የሚጠይቁትን እንዲጽፉ አድርጉ፦ የት ተለካ? በምን አየር ተስተካከለ? የሚሠራበት ዙር ከየት እስከ የት ነው? ነዳጁ በቂ ነበር? ስንት ጊዜ ተደገመ? እነዚህን አምስቱን ሳይነገረው የጠየቀ ልጅ የትኛውም ወርክሾፕ ቢገባ ያሠራዋል፤ የሻጭ ወረቀትም አያሞኘውም። ማኅበሩ ከፈቀደ፣ ደንበኞች ስማቸው ተነሥቶ እንዲታዩ የፈቀዷቸውን ቻርቶች ለክፍሉ ልልክ ዝግጁ ነኝ። ከሻይ በኋላም ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን።