ሰርዝ ከማለት በፊት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው ኮምፒዩተር ከረዥም ጽሑፍ ውስጥ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ቃል እንዴት ፈልጎ እንደሚሰርዝ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውን ስም ከመዝገብ ሊያጠፋ ይችላል።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው የምልክት ቋንቋ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል። መሠረቱን የጣለው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሌይኒ ሲሆን፣ ጥናቱ በ1956 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬን ቶምሰን ኮምፒዩተር በዚህ ቋንቋ ጽሑፍ የሚፈልግበትን ዘዴ ጽፎ አወጣ። በዚህ ቋንቋ ነጥብ «ማናቸውም አንድ ፊደል» ማለት ነው፤ ኮከብም «ከእኔ በፊት ያለውን የቱንም ያህል ጊዜ ድገም» ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን መዝገብ እንመልከት፤

አበበ [ጎንደር]፣ ከበደ [ደሴ]፣ ጫልቱ [ነቀምቴ]

ከተሞቹን አውጥተን የሰዎቹን ስም ብቻ ለማስቀረት ብንሻ፣ ትእዛዙን \[.*\] ብለን ጽፈን የተገኘው በባዶ ይተካ እንላለን። ቅንፍ በዚህ ቋንቋ የራሱ ሥራ ስላለው፣ በፊቱ ያለው ያዘነበለ ጭረት «ይህን እንደ ተራ ምልክት ቍጠረው» ይላል። ውጤቱ ግን አበበ ብቻ ሆኖ ይቀራል! ኮከብ ሆዳም ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ከፋች ቅንፍ እስከ መጨረሻው ዘጊ ቅንፍ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ከበደና ጫልቱም አብረው ይሄዳሉ።

ከኮከቡ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ቢጨመር ሆዳምነቱ ይገታል፤ በሚቀርበው ዘጊ ቅንፍ ላይ ይቆማል፤ ሦስቱም ስሞች ይተርፋሉ። ሆኖም መዝገብ ጻፊው ከጎንደር በኋላ ቅንፉን መዝጋት ቢረሳ፣ በአበበ የተከፈተው በደሴ ይዘጋል፤ ከበደም ዳግመኛ ይጠፋል። ስለዚህ የተሻለው በነጥቡ ፈንታ «ከከፋችና ከዘጊ ቅንፍ በቀር ማናቸውም ፊደል» ብሎ ማዘዝ ነው። ይህ ያልተዘጋውን ሳይነካ ይተወዋል፤ ሰውም አይቶ ያርመዋል። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ቢገኝም ትእዛዙን በመደጋገም ከውስጥ ወደ ውጭ እየላጡ ማውጣት ይቻላል።

ወገኖቼ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እርሷስ መልቀም ችላለች፤ ቅጅው ሳይያዝ የተሰረዘ መዝገብ ግን አይለቀምም። ኮምፒዩተሩም የታዘዘውን ስለ ፈጸመ ስሕተት ተሠራ ብሎ አይጮኽም። ከመዝገብ የወጣ ስም ባለቤቱ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ መጉደሉን ማንም ላያውቅ ይችላል። እንግዲያው አስቀድመን ቅጅ እናኑር፤ «ሰርዝ» ከማለታችን በፊት «ፈልገህ አሳየኝ» እንበል፤ የስሞቹንም ቍጥር ከስረዛው በፊትና በኋላ እናመሳክር።