ልብሱ ነው ወይስ ዋናተኛው?



ባለፈው እራት ላይ የጀመርነው ክርክር አላለቀም። «ልብስ አይዋኝም፣ ሰው ነው የሚዋኘው» ብላችሁ ዝም አሰኝታችሁኛል። እስቲ ሮምን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ሻምፒዮና 43 ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን በ200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማይክል ፌልፕስን ሲቀድም፣ ቤጂንግ ላይ ከዋኘበት ሰዓት 4 ሰከንድ ያህል ቀንሶ ነበር። በአንድ ዓመት 4 ሰከንድ!

«ሁሉም ከለበሰው እኩል ነው» ትላላችሁ። አይደለም። ዋናተኛ ሲደክም የሆዱና የወገቡ ጡንቻ ይላላል፤ ያኔ ዳሌው ዝቅ ይላል፣ ውኃውም ይጎትተዋል። ያ እንዳይሆን ነው ለዓመታት የሚለፋው። ፖሊዩሬቴኑ ግን ሰውነትን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ያንሳፍፋልም። ስለዚህ ወገቡን በልምምድ ያጠነከረው ጥቂት ሲያተርፍ ያላጠነከረው ብዙ ያተርፋል። እንደ ሐኪም እኔን የሚከነክነኝ ይኼ ነው።

ፊና ልብሱን ከጥር 2010 ጀምሮ አገደ፤ ክብረ ወሰኖቹን ግን አልሰረዘም። የቢደርማን 1:42.00 ዛሬም አለ።

ከኋላ «የሯጮቻችን የካርቦን ጫማስ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በ2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ እልል ካሉት አንዷ ነኝ፤ እሱን ከቡና በኋላ ተከራከሩኝ።