ደረስጌን ያቆዩ እጆች



ደረስጌ ማርያም ከመካነ ብርሃን ሩቅ አይደለችም፤ ብዙዎቻችሁ ተሳልማችኋታል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት ሊነግሡባት ነበር። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደርም በሥራዋ እጁ አለበት። የካቲት 1847 ዓ.ም ግን ደጃዝማች ካሣ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ያሠሩት ሰው ተማረኩ፤ የግድግዳው ሥዕል ግን ቀረ። ጣሪያውን እየከደነ፣ ደጁን እየጠበቀ ለእኛ ያደረሰው ማን ነው? ደብሩና አጥቢያው ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። የጎንደሩ ፋሲለደስ ኪነት ዛሬም ስሙ ይነሳል። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ ከቀበሌዎቹ ኪነት ብዙው ተበተነ። ልጆቹ ተሰጥኦ አንሷቸው አይደለም፤ ድጋፉ ከላይ ብቻ ይመጣ ስለነበር፣ ሲቋረጥ ከታች የሚረከብ አልነበረም።

አንዳንዱ «ኪነ ጥበብ ለቱሪስት ይጠቅማል» ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። ቱሪስት በሰላም ጊዜ ይመጣል፣ በክፉ ቀን ይቀራል፤ ሠርጋችንና ለቅሷችን ግን አይቀርም።

የጎደለን ምን እንደሆነ ለማወቅ ማሲንቆን እዩት። አንድ ክር ነው ያለው፣ እሱም የፈረስ ጭራ፤ ሳጥኑ በቆዳ የተወጠረ ነው። ፈረሱም ቆዳውም እንጨቱም ስሜን ሞልቷል። የጠፋው ጊዜ ነው። ቀን ከብት ሲጠብቅና ገብስ ሲያጭድ የዋለ ልጅ፣ ጣቱ ጭራው ላይ ትክክለኛውን ቦታ እስኪያውቅ ዓመታት ይፈጅበታል። ያን ጊዜ ማን ይሸፍንለታል?

ስለዚህ ልለምናችሁ። ስትድሩ ከደባርቅ ሞንታርቦ ከመከራየታችሁ በፊት እነዚህን የዛሬ የኪነ ጥበብ ተመራቂዎች ጥሩ። ግንባራቸው ላይ የምትለጥፉት ሽልማት እንዳለ ሆኖ ዋጋም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ዘንድሮ የሸለማችሁት ልጅ ከርሞ ማሲንቆውን ሸጦ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንዳይወርድ። ሌላም አለ፤ ይህ ያመኛል። አዝማሪ ለሠርጋችን እንጠራለን፤ ልጃችሁን ስጡኝ ቢለን ግን ፊታችንን እናዞራለን። ሴት ልጅ ክራር ስታነሳማ ገና ከጅምሩ እናሳፍራታለን። ዛሬ እዚህ ፊታችን የተጫወቱት እህቶቻችሁ ያን ሁሉ ሐሜት ችለው ነው የደረሱት። እናቶች፣ እባካችሁ ከጎናቸው ቁሙ።

ተመራቂዎች፤ የሽማግሌዎቹን ቀረርቶና የእናቶችን ሙሾ በስልካችሁ ቅዱ፤ ማን እንዳለውና የት እንዳለው ጻፉበት። እያንዳንዳችሁም አንድ ታናሽ አስከትሉ።

እድራችን ለድንኳንና ለወንበር ገንዘብ አያጣም፤ ለልምምድ የሚሆን አንድ ክፍልም አያቅተውም። ምሳ ከመቅረቡ በፊት ቁልፉን የሚይዝና መዋጮውን የሚመዘግብ ሰው እንምረጥ፤ የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ አሁኑኑ አስይዛለሁ።