ስለ ፒክአፕ መኪና ግዢ፣ በማኅበራችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር



ማኅበራችን መኪና ይግዛ፣ እሱም ጉልበተኛ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ገንዘቡ የሁላችንም መዋጮ ስለሆነ ጥቅምና ጉዳቱን ባጭሩ እናስረዳለን።

ጥቅሙን አንክድም። ሂሉክስን የመሰለው 1 ቶን ያህል ይጭናል። ድንኳንና ወንበሩን ያመላልሳል፤ ጭቃና ዳገት አይበግረውም።

ነገር ግን ለቅሶ የየቀን ሥራ አይደለም። የየቀኑ ሥራ እህል ወፍጮ ቤት ማድረስ፣ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ለዚህ እስከ 204 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ባለ 2.8 ሊትር ሞተር ምን ያደርግልናል? ናፍጣውን ማን ይችለዋል? ርዝመቱም ከ5 ሜትር በላይ ስለሆነ በኛ ጠባብ መንገድ ማዞሩ ጭንቅ ነው። ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው ደረቅ ነውና ያነጥራል፤ ለነፍሰ ጡርና ለበሽተኛ አይመችም። ኋላው ስለሚቀል በዝናብ ጊዜ ይንሸራተታል።

ከሁሉም የሚያሳስበን ሌላ ነው። አፍንጫው ከፍ ያለ ስለሆነ ፊቱ የቆመ ሕፃን ለሾፌሩ ላይታይ ይችላል። ልጆቻችን ደግሞ የሚጫወቱት እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ለቅሶ ሲኖር አይሱዙ እንከራይ፤ ለየቀኑ አነስተኛ መኪና ይበቃናል እንላለን። እግርን በፍራሽ ልክ መዘርጋት ነው። ውሳኔው ግን የናንተው ነው፤ በሚመጣው ስብሰባ ሳትቀሩ ተገኝታችሁ እጅ አውጡ።