ልብስ የተሰጣበት አንቴና

(በ1998 ዓ.ም. ተመራቂዎች 20ኛ ዓመት መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከክፍለ ሀገር የምትመጪው አንቺ ነሽ፣ ስለ ሥራሽ አሥር ደቂቃ አውሪልን» ሲሉኝ፣ ስለ እናቶች ሞት ስላይድ ይዤ የምመጣ መስሏቸው ነበር። ስላይድ የለኝም። የማወራው ስለ ሽቦ ነው፤ 20 ሜትር ስለሚሆን ተራ የመዳብ ሽቦ። የእናቶቹም ነገር ከውስጡ ስላለ ትንሽ ታገሡኝ።

ዕጣ ስናወጣ ታስታውሳላችሁ? ለእኔ ምዕራብ ሐረርጌ ደረሰኝ። ከጎኔ የነበረችው ልጅ «አይዞሽ» ብላ አቀፈችኝ። (እዚህ አለች፣ ስም አልጠራም።) ቺሮ፣ ያኔ ብዙው ሰው አሰበ ተፈሪ ይላት የነበረችው፣ በጨርጨር ተራሮች መሀል ጎድጎድ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአገራችን የመጀመሪያው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ገደማ ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው ነው፤ 477 ኪሎ ሜትር። የሐረርጌ ሰው «ስልክ የጀመረው በእኛ ነው» ብሎ ቢኮራ አይፈረድበትም። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን ከተራራው ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ደውሎ እኛን ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. አንድ ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል፣ ጫት የጫነ አይሱዙ በሆስፒታሉ በር ቆመ። ጋቢና ውስጥ ምጥ ላይ ሁለት ቀን የቆየች ሴት ነበረች። ማህፀኗ ተቀዷል። የሪፈር ወረቀቱን የጻፈችው ነርስ ምርመራዋን በትክክል አስቀምጣ ከታች እንዲህ ብላለች፦ በ1 ሰዓት ስልክ ሞክረናል፣ አልሠራም፤ በ3 ሰዓት ሞክረናል፣ አልሠራም፤ በ5 ሰዓት ሞክረናል፣ አልሠራም። እኛ ምንም አናውቅም፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ቤቱ ተኝቷል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልተሞላም፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ አብሯት የመጣው ባሏ ብቻ ነው። ሴትየዋ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ ሳትወጣ አረፈች።

ቀድመን ብናውቅ ትተርፍ ነበር አልልም። ሐኪም ነኝ፣ ያን ያህል አልደፍርም። ግን ሌሊቱን ሙሉ እንዘጋጅ ነበር።

ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ ረጃጅም አንቴና ያቆሙ የእርዳታ ድርጅት ግቢዎች ነበሩ። ሾፌሮቻቸው በረሃ ውስጥ ሆነው «ቺሮ፣ ቺሮ» እያሉ በሬዲዮ ያወራሉ። መፍትሔው ከራሳችን በላይ በአየር ላይ ያልፋል፣ እኛ ስልክ እጀታ እንጠመዝዛለን።

ለስፔሻሊቲ ወደ ጥቁር አንበሳ ስመለስ አንድ ኢንጂነር ዘመዴ አምስት ኪሎ ወሰደኝ። በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ የጥሪ ስሙ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው። በንጉሡ ጊዜ የነበረው የአማተር ሬዲዮ እንቅስቃሴ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው የተመለሰው። ኢትዮጵያ በአየር ላይ ብዙም ስለማትሰማ፣ ያ ጣቢያ ሲናገር ከዓለም ዙሪያ ሰው እንደ ንብ ይሰፍርበታል። እኔን የማረከኝ ግን ከጃፓን መነጋገሩ አልነበረም። ዘመዴን «ከቺሮ ገለምሶስ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳቀና ወረቀት አወጣ።

ነገሩ ቀላል ነው። ፖሊስ የሚይዘው ዓይነት የእጅ ሬዲዮ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ያግደዋል። በአጭር ሞገድ፣ ለምሳሌ በ7 ሜጋኸርዝ፣ 20 ሜትር ሽቦ መሀሉን ቆርጣችሁ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ብትዘረጉት፣ ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣና ከላይኛው አየር ነጥሮ ዙሪያውን እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከላይ ለሚመጣ ነገር የጨርጨር ተራራ ምኑም አይደለም። ኩኒ፣ በደሳ፣ ገለምሶ፣ ሂርና፣ ሚኤሶ፣ ሁሉም ከዚያ ዝናብ በታች ናቸው። የሚፈልገው የመኪና ባትሪና አንድ ሬዲዮ ነው። ሌሊት ሲሆን ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲና ረዘም ያለ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩን ለሻይ ሰዓት ልተወው።

ስፔሻሊስት ሆኜ ቺሮ ተመለስኩ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ መስሚያ ሬዲዮ ገዝቼ፣ በተከራየሁበት ግቢ ከጣሪያው ጥግ እስከ ባሕር ዛፉ ሽቦ ዘረጋሁ። ለመስማት ብቻ ነው፤ ማስተላለፊያ የለኝም። በአራተኛው ቀን ሦስት ሰዎች መጡ፤ ሁለቱ ከቀበሌ፣ አንዱ ሚሊሻ።

«ይሄ ሽቦ ምንድን ነው?»

«አንቴና ነው።»

«ማንን ነው የምታናግሪበት?» በሐረርጌ አማርኛ «እርስዎ» እምብዛም አይሰማም፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

«ማንንም። እሰማበታለሁ እንጂ።»

«መስማትስ ማንን?»

እዚህ ላይ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። ላሳያቸው ብዬ ሬዲዮውን ከፈትኩት። ሞርስ ነበር የሚያወራው፤ ቲት፣ ታ፣ ቲት፣ ቲት። ሚሊሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አየሁት። አከራዬ አዴ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘዋል።

በሰዎቹ ልፈርድ አልችልም። ባለፈው ዓመት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከተነሣ ገና ወራት አልሆነውም። በአዋጁ ኢሳትንና ኦ ኤም ኤንን ማየት ተከልክሎ ስለነበር፣ ሰው የዲሹ አፍ ወዴት እንደዞረ እንኳ ይጨነቅ ነበር። ከዚያ በፊትም የሶማሊያን ጦርነት ያየ አገር ነው፤ ሬዲዮና ሽቦ ማለት ጠላት ማለት የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ከመካከላቸው ባለቤቱን በኦፕራሲዮን ያዋለድኩለት ሰው ነበር። ወደ ጎን ወስዶኝ «ዶክተር፣ እኔ አውቅሻለሁ። ከመንገድ የሚያየው ሰው ግን አያውቅሽም» አለኝ።

የትኛው ሕግ ይከለክላል ብዬ ጠየቅሁ። የጠቀሱልኝ የለም፤ «አይቻልም» ብቻ። እኔም የማሳየው ወረቀት የለኝም። ቤቴ ገብቼ ያገላበጥኩት የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንም ሆነ መገጣጠምን ከ10 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። መስሚያ ሬዲዮ እዚያ ውስጥ ይግባ አይግባ ከቀበሌ ጋር መከራከር አልፈለግሁም። ሽቦውን አወረድኩት።

ከባቻችን አንዱ ሜሪላንድ ይኖራል፣ እሱም ይሄ አመል አለበት። የሙሉ ፈቃድ ባለቤት ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1985 ፒ አር ቢ 1 በሚባል ውሳኔ፣ ከተሞች ለአማተር አንቴና በአግባቡ ቦታ እንዲሰጡ አዟል። ውሳኔው ግን የሠፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ አይገባም፤ ቤቱን ሲገዛ «ውጭ አንቴና አላቆምም» ብሎ ፈርሟል። ሽቦውን ከኮርኒስ በላይ ደብቆ ነው የሚያወራው። እሱ ፈቃድ አለው ቦታ የለውም፤ እኔ ባሕር ዛፍ አለኝ ፈቃድ የለኝም። በስልክ ይሄን ስናወራ ሁለታችንም ሳቅን፤ ልዩነቱ ግን የእሱ ጎረቤት የሚፈራው የቤት ዋጋ መውረዱን ነው።

አንድ የሰማሁትን ልጨምር። የሕንድ አንዳማን ደሴቶች ውስጥ አማተር ሬዲዮ ለረጅም ዓመታት አይፈቀድም ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር 2004 መጨረሻ ባራቲ ፕራሳድ የምትባል ሴት ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ፈቃድ አግኝታ ፖርት ብሌር ሆቴል ላይ አንቴና አቆመች፤ ለትርፍ ጊዜ ጨዋታ። ታኅሣሥ 26 ሱናሚው መጣ። ስልክ ሲቋረጥ ከደሴቶቹ ወደ ዋናው ሕንድ የሰዎችን ደኅንነት ታስተላልፍ የነበረችው እሷ ነበረች። ፈቃዱ አንድ ወር ቢዘገይ ኖሮ አንቴናው እዚያ አልነበረም።

አሁን ልመናዬን ልናገር። በየቤቱ አንቴና ይተከል አልልም፤ አዴን እንደገና ማስደንገጥ አልሻም። የአምስት ኪሎው ዓይነት አንድ የክበብ ጣቢያ ቺሮ ላይ እንዲኖር ነው የምፈልገው፤ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማችን ውስጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፣ የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድም የእሱ ሥራ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ ቀበሌውም «ይሄ የማን ነው?» ሲባል የሚመልሰው ያገኛል። እኔ ቤት የመጣው ሰውዬ ያጣው ይህንኑ ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ አማተር ሬዲዮ የሆስፒታልን የዘወትር ሪፈራል አይተካም። ለመሥሪያ ቤት ሥራ መዋል የለበትም፤ ለዚያ ሌላ ፈቃድ አለ፣ እሱንም መጠየቅ አለብን። ደግሞ በአማተር ሬዲዮ የሚባለው ሁሉ በግልጽ ነው፣ ምስጢራዊ ኮድ ክልክል ነው፣ ማንም ይሰማል። የታካሚ ስም አይጠራም። ግን ጎርፍ ሲመጣ፣ መብራትና ኔትወርክ አብረው ሲጠፉ (አብረው መጥፋት ይወዳሉ)፣ ሬዲዮ መክፈት የሚያውቁ ሃያ ወጣቶች ከተማው ውስጥ ቢኖሩ ለእኔ ብዙ ነው።

ማመልከቻው ተጽፎ በሻይ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ የምትፈርሙ ፈርሙ፤ ውጭ አገር ያላችሁ ያገለገለ ሬዲዮ ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ ደውሉልኝ፣ ፈቃዱ ሳይወጣ ጉምሩክ ላይ እንዳይቀር።

ሽቦው አልተጣለም። አዴ «ዶክተርዬ፣ ይሄ ጠንካራ ነው፣ ለምን ይጣላል?» ብለው ዝቅ አድርገው ከአጥር እስከ አጥር ወጠሩት። ከመንገድ ይታያል፣ እስካሁን የጠየቀ ሰው የለም። ወደዚህ ልነሣ ስል ብርድ ልብስ ተሰጥቶበት ነበር።