ከጀልባው በፊት ውሃውን ማየት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለሚገኙ መሠረታዊ ማኅበራት አባላት የቀረበ ንግግር)




እንደሚታወቀው በጣና ዳርቻ የሚኖር ብዙ አርሶ አደር ከእርሻው ጎን ለጎን ዓሣ ያሰግራል። በፎገራ ሜዳ ሩዙን ከሰበሰበ በኋላ ወደ ጉማራና ወደ ርብ መግቢያ ይወርዳል፤ በደንቢያ በኩል ወደ መገጭ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ወደ ግልገል ዓባይ። ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ደለልና ሣር ይበዛዋል፤ ዓሣውም ወደዚያ ይሰበሰባል። ለዚህ ቦታ የሚሆን ጀልባ መምረጥ ቀላል ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ቡድኖች ዕዳ ውስጥ የሚገቡት በመረቡ ሳይሆን በጀልባው ምክንያት ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ተረት ብቻ አይደለም።

ጀልባ የሚገዛ ቡድን በቅድሚያ ሊመልሳቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የሚሠራው በየትኛው ውሃ ላይ ነው? ጀልባው ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው? የአንድ ቀን ወጪውን የሚከፍለው ስንት ኪሎ ዓሣ ነው?

ከውሃው እንጀምር። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ እየተከታተለም ጀልባውን ይመታል። ስለዚህ መሐል ሐይቅ የሚገባ ጀልባ ከሥሩ ሾጠጥ ያለ፣ ጎኑም ከፍ ያለ ሊሆን ይገባዋል። በወንዝ መግቢያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሥሩ የሾጠጠ ጀልባ በደለል ላይ ይቀመጣል። እዚያ የሚያስፈልገው ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ ወርዱ ከ1 ሜትር ተኩል ብዙም የማያንስ፣ ሁለት ሰዎች እየጎተቱ ወደ ዳር ሊያወጡት የሚችሉት ቀላል ጀልባ ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ጀልባውን በጭቃ ላይ መጎተት ግድ ስለሚሆን ክብደቱ የዋዛ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጀልባው ከምን ይሠራ የሚለው ነው። የጣና ሰው የጥንት መልስ ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ በዚህ ሥራ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሙያ የታወቀ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ በሣርና በደለል መካከል በዘንግ እየተገፋ ያልፋል፤ ነዳጅ አይጠይቅም። ጉድለቱ ውሃ መጠጣቱ ነው። ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፤ ዕድሜውም የወራት ነው። ደንገሉም በብዙ ዳርቻ እየሳሳ ስለመጣ የታንኳ ተጠቃሚ ደንገል የመትከልና የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት።

የእንጨት ጀልባ በአካባቢው አናጢ ይሠራል፤ በአካባቢው አናጢም ይጠገናል። ሆኖም እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በደንብ የደረቀ ጣውላ መጠቀም፣ በየዓመቱም መጋጠሚያውን መድፈንና ሬንጅ መቀባት ያስፈልጋል። የፋይበር ግላስ ጀልባ ቀላል ነው፤ አይበሰብስም። ነገር ግን በድንጋይ ላይ ሲጎተት ይላጣል፤ መጠገኛውም ከከተማ ይመጣል። የብረት ጀልባ ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፤ ይዝጋል፤ በጠማማ ቦታ ሲቀደድ ያለ ብየዳ ባለሙያ አይድንም። ከዚህ አኳያ በገጠር ቀበሌ ለሚሠራ ቡድን ጥሩ ጀልባ ማለት በእግር መንገድ ርቀት ላይ ጠጋኝ ያለው ጀልባ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የሒሳብ ነው። ዋጋ በየቦታውና በየጊዜው ስለሚለያይ የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ገበያ ዋጋ ሊተካበት ይገባል። ቡድኑ በዓመት 200 ቀን ይሠራል እንበል።

ታንኳ 3,000 ብር ቢያወጣና 4 ወር ቢያገለግል በዓመት ሦስት ታንኳ፣ ማለትም 9,000 ብር ይጠይቃል። ለአንድ የሥራ ቀን 45 ብር ይደርሳል።

በመቅዘፊያ የሚሄድ የእንጨት ጀልባ 60,000 ብር ቢያወጣና 6 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 10,000 ብር ነው። ለጥገና 4,000 ብር ሲጨመር 14,000 ይሆናል። ለአንድ የሥራ ቀን 70 ብር ማለት ነው።

የሞተር ጀልባ ከነሞተሩ 400,000 ብር ቢያወጣና 8 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 50,000 ብር ነው። ለጥገና 30,000 ሲጨመር 80,000 ይሆናል፤ ለቀን 400 ብር ይደርሳል። በቀን 6 ሊትር ቤንዚን፣ ሊትሩ 120 ብር ቢታሰብ 720 ብር ይጨመራል። ድምሩ 1,120 ብር ነው።

አንድ ኪሎ ዓሣ በ150 ብር ቢሸጥ የመቅዘፊያው ጀልባ የቀን ወጪውን ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ዓሣ ይከፍላል። የሞተሩ ጀልባ ግን ለቡድኑ አንዲት ሳንቲም ከመትረፏ በፊት ሰባት ኪሎ ተኩል ማግኘት አለበት። የብድር ወለድ ገና አልታሰበም። ዓሣ በሚጠፋበት ወር ታንኳው ዳር ላይ ሆኖ ያርፋል፤ ዕዳው ግን አያርፍም።

ዕዳው ደግሞ ሰውን ወደማይገባ ቦታ ይገፋዋል። የጣና ነጭ ዓሣ፣ ተመራማሪዎች በርቡስ የሚሉት፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ብዙ ዝርያዎች ያሉት ወገን ነው። ከእነዚህ በርካታዎቹ በክረምቱና በመስከረም ለመራባት ወደ ወንዞቹ መግቢያ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጠጠር ወዳለበት ንጹሕ ውሃ ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እንቁላል ያዘለችውን ዓሣ በቀላሉ ያገኛል። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ጣና ከገቡ በኋላ የነጭ ዓሣው ብዛት በእጅጉ እንደቀነሰ ጥናቶች አሳይተዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ሀብቱ እንዲጠበቅ ነው። የቀን ወጪው ትንሽ የሆነ አስጋሪ በመራቢያው ወራት መረቡን ሰብስቦ ወደ እርሻው ሊመለስ ይችላል። የባንክ ቀጠሮ የሚያሳድደው ግን አይችልም። ዘር የሚበላ ገበሬ የከርሞ አዝመራ እንደማይጠብቅ ሁሉ፣ እንቁላል ያዘለችውን ዓሣ የሚጨርስም አስጋሪ በከርሞው መረቡን ባዶ ያወጣል።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በጣና የታየው እምቦጭም ለምርጫው ሌላ ምክንያት ሆኗል። አረሙ በሞተር ማሽከርከሪያ ላይ ይጠመጠማል። በዘንግ የሚገፋ ቀላል ጀልባ ግን ሳሳ ባለው በኩል መንገድ ያገኛል።

ይህ ሲባል ሞተር አይጠቅምም ማለት አይደለም። ዓሣ ቶሎ ገበያ ካልደረሰ ይበላሻል፤ በአደጋ ጊዜም ፈጥኖ የሚደርስ ጀልባ ያስፈልጋል። በመሆኑም የተሻለው መንገድ አባላት በቡድን በቡድን የመቅዘፊያ ጀልባ እንዲይዙ፣ ማኅበሩ ደግሞ አንድ የሞተር ጀልባ በጋራ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ይህ ጀልባ ዓሣውን ከየቡድኑ እየሰበሰበ ወደ ገበያ ያደርሳል፤ ነፋስ የያዘውን ይጎትታል። 1,120 ብሩ ለአሥር ቡድን ሲካፈል ለእያንዳንዱ 112 ብር ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በመጨረሻም ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ጀልባውን መፈተን ያስፈልጋል። አንድ ሌሊት ውሃ ላይ አሳድሮ በማግሥቱ ስንት ጣሳ ውሃ እንደገባበት ማየት፤ ጣውላውን በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ መበስበሱን መመርመር፤ የሚሳፈሩትን ሰዎች፣ የእርጥብ መረቡንና የዓሣውን ክብደት የሚያህል አሸዋ በጆንያ ጭኖ ጎኑ ከውሃው በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ተኩል መቅረቱን ማረጋገጥ። የብረትና የፋይበር ግላስ ጀልባ ውሃ ሲሞላ ይሰምጣል። ስለዚህ ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ጀሪካኖች ከመቀመጫው ሥር አጥብቆ ማሰር ይገባል፤ ባለ 20 ሊትሩ አንድ ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ደግፎ ያንሳፍፋል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ከጀልባው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ እንጂ ለኋላ አይተው። መረብ ቢጠፋ ይተካል፤ አባት ወይም ልጅ ግን አይተካም።

ውሃውን ያየ፣ ጠጋኙን ያወቀ፣ ኪሎውን ያሰላ ቡድን ትንሽ ጀልባ ቢገዛ አያፍርም። በዓሉ የሚከበረው ማኅበሩ እስከ ዛሬ ስለቆየ ነው፤ ለከርሞም የሚቆየው ዓሣውም አስጋሪውም ሲኖሩ ነው።

መልካም በዓል!