ጥንዱ እንዳይለያይ
(በዲላ በጥንድ ናሙናዎች ትንተና ስልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)



ስለ ጥንድ ናሙናዎች ለመናገር ከኮምፒውተሩ በፊት ወደ ጌዴኦ ጓሮ ብንወርድ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ መልክዓ ምድር ቡና፣ እንሰትና ትልልቅ ዛፎች አብረው ይኖራሉ፤ የአንዱ ማሳ ግን የጎረቤቱን አይመስልም። እዚህ ጥላው ይከብዳል፣ እዚያ ቡናው አርጅቷል፣ ወዲያ ደግሞ መሬቱ ተዳፋት ነው።

ኮምፖስት የቡና ምርት ይጨምር እንደሆነ ለማወቅ ፈለግን እንበል። የተጠቀሙ 20 አርሶ አደሮችን ካልተጠቀሙ ሌሎች 20 ጋር ብናወዳድር፣ የኮምፖስቱ ውጤት በማሳዎቹ መለያየት ውስጥ ሊሰወርብን ይችላል። በ20 ማሳዎች፣ በየማሳው በዕድሜና በጥላ የሚቀራረቡ ሁለት የቡና ዛፎች መርጠን ኮምፖስቱ ለየትኛው እንደሚደርስ በዕጣ ብንወስንስ? ያኔ ዛፉ የሚመዘነው ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ነው። በእጃችን የሚቀሩትም 20 ልዩነቶች ናቸው። ጥያቄያችን አንድ ይሆናል፤ የእነዚህ ልዩነቶች አማካይ ከዜሮ የራቀው በአጋጣሚ ነው ለማለት እስከሚያስቸግር ድረስ ነው ወይ?

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የጥንድ ቲ-ቴስት አባት ዊልያም ጎሴት የዱብሊኑ ጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ጽሑፉን ያሳተመው «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ»፣ በሚል የብዕር ስም ነው። ምሳሌው ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶችን በየተራ የወሰዱ 10 ታካሚዎች ነበሩ። ዘጠኙ በሁለተኛው መድኃኒት የበለጠ ተኙ፤ የአንዱ እኩል ሆነ። አማካይ ልዩነቱ 1.58 ሰዓት ነው። በጥንድ ሲሰላ የፈተናው ውጤት ቲ 4.06 ይወጣል፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ አይደለም ለማለት በ5 በመቶ ደረጃ የሚፈለገው ደግሞ 2.26 ነው። ያንኑ መረጃ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች ብታሰሉት 1.86 ብቻ ታገኛላችሁ፤ የሚፈለገው 2.10 ነው። አንድም ቁጥር አልተነካም። ጥንዱ ስለፈረሰ ብቻ ማስረጃው ጠፋ።

በስልጠናው ሦስት ጥንቃቄዎችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ «በፊት እና በኋላ» ሁሉ አስተማማኝ ጥንድ አይደለም። ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ሰጥቶ በሚቀጥለው እንደሚያርፍ ገበሬው ከእኛ በላይ ያውቃል። ባረፈበት ዓመት ለክታችሁ በሚሰጥበት ዓመት ብትደግሙት፣ የተፈጥሮን ሥራ ለኮምፖስቱ ታስመዘግባላችሁ። ሁለተኛ፣ የልዩነቶቹን መልክ ሳታዩ ወደ ቲ-ቴስት አትሩጡ። ናሙናው ትንሽ ሆኖ አንድ ልዩነት ከሌሎቹ እጅግ ከራቀ፣ ኬሚስቱ ፍራንክ ዊልኮክሰን እ.ኤ.አ. በ1945 ያቀረበው በደረጃ ላይ የተመሠረተ ፈተና አለላችሁ። ሦስተኛ፣ ፈተናው ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ስለመምሰሉ እንጂ ለገበሬው ስለሚጠቅመው መጠን አይነግራችሁም። ስለዚህ ስንት ኪሎ እሸት ቡና እንደጨመረ አብራችሁ ጻፉ።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንዱ የሚድነውም የሚጠፋውም በመስክ ቅጹ ላይ ነው። የማሳው ወይም የታካሚው መለያ ቁጥር ካልተጻፈ፣ የመጀመሪያውን ልኬት ከሁለተኛው ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር የለም። ወደ የሥራ ቦታችሁ ስትመለሱ ከሁሉ አስቀድማችሁ ቅጻችሁን እንድታርሙ እየጠየቅሁ፣ ስልጠናው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።